የብር ተመን፣ የባንክ ብድርና የሴቶች ኪስ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብርን የምንዛሪ ተመን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ፣ በመርካቶም ሆነ በየባንኩ መስኮት የሚሰማው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ዶላሩ ነገ ስንት ይገባል? ኤል ሲ ይከፈታል ወይስ አይከፈትም? የዘይቱና የሲሚንቶው ዋጋ ወዴት እየሄደ ነው? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ይሁንና ይኸው መመሪያ ወደ ሴቶች ኪስ ሲደርስ ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ነጋዴ እምብዛም አይገኝም። ጉዳዩ የሴቶች ማኅበራት ጉዳይ ተደርጎ ስለሚታይ ከገበያ ገጽ ይልቅ ወደ ማኅበራዊ ዓምድ ይገፋል። በእኛ አስተያየት ግን ቦታው እዚሁ፣ ከዋጋ ሰንጠረዡ ጎን ነው። ባንክ ለማን እንደሚያበድር፣ ፋብሪካ ማንን እንደሚቀጥር፣ ዕቃ ለማን እንደሚሸጥ የሚወስነው ሂሳብ ውስጥ ሴቶች አሉበት።

የብሔራዊ ባንክ መመሪያዎች፣ የገንዘብ ሚኒስቴር ደብዳቤዎችና የታክስ አዋጆች ሲነበቡ "ወንድ" ወይም "ሴት" የሚል ቃል አይገኝባቸውም። ስለዚህም ፖሊሲው ለሁሉም እኩል ነው ይባላል። ችግሩ ሰዎች ፖሊሲው ሲደርስባቸው የቆሙበት ቦታ እኩል አለመሆኑ ነው። በአስመጪነቱ፣ በጭነት ማመላለሻው፣ በግንባታውና በብረታ ብረቱ ንግድ በብዛት የሚታዩት ወንዶች ናቸው። ሴቶቹ ደግሞ በጉሊቱ፣ በእንጀራና በምግብ ቤቱ፣ በአልባሳትና በመዋቢያ ችርቻሮው፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በቤት ሠራተኝነቱና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዝቅተኛ እርከኖች ላይ ይበዛሉ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ኢትዮጵያ ባወጣው ጥናት በእርሻ ምርት፣ በደመወዝና በንግድ በሦስቱም መስኮች ሴቶች ከወንዶች በሰፊው ርቀው ወደ ኋላ እንደሚገኙ አመልክቷል። ስለሆነም አንድ መመሪያ አንዱን የሥራ ዘርፍ ሲጠቅም ሌላውን ሲጎዳ፣ ባይጻፍበትም አንዱን ፆታ እየጠቀመ ሌላውን እየጎዳ ነው።

በ57 ብር የተመነዘረው ዶላር

በምንዛሪው እንጀምር። ከተመኑ መለቀቅ በፊት የባንኩ ዋጋ ለአንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ሲሆን በጥቁር ገበያ ያለው ከ100 ብር በላይ ነበር። በዚያ ወቅት አንዲት በሪያድ ወይም በቤይሩት በቤት ሠራተኝነት የምትኖር እህታችን 200 ዶላር በባንክ ብትልክ እናቷ እጅ የሚገባው 11,400 ብር ነው። በጥቁር ገበያው፣ ዝቅ አድርገን በ100 ብር ብናስበው እንኳ፣ 20,000 ብር ይሆን ነበር። ልዩነቱ 8,600 ብር ነው። ይህ ገንዘብ የት ሄደ? አልጠፋም። ያንን ዶላር በ57 ብር የተፈቀደለት አስመጪ ጋ ሄዷል። አስመጪው 100,000 ዶላር ኤል ሲ ቢከፈትለት በ5 ሚሊዮን 700 ሺ ብር ያገኘው ዶላር በውጭ 10 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ነበር። ዕቃውን ሲሸጥ ደግሞ፣ አንባቢዎቻችን ከእኛ በተሻለ እንደሚያውቁት፣ ዋጋ የሚያወጣው በአብዛኛው በጥቁር ገበያው ሂሳብ ነበር።

እንግዲህ ለዓመታት ሲሠራበት የነበረው ተመን ስሙ ባይነገርም ቀረጥ ነበር ማለት ይቻላል። ቀረጡን የሚከፍሉት በባንክ የላኩ ሰዎች፣ ቡና አቅራቢዎችና ሌሎች ላኪዎች ሲሆኑ፣ ድጎማውን የሚቀበሉት ደግሞ ለባንክ ቀረብ ያሉ ትላልቅ አስመጪዎች ነበሩ። ወደ አረብ አገሮች ለሥራ ከሚሄዱት ኢትዮጵያውያን አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ኤል ሲ ከሚከፈትላቸው መካከል ግን ሴቶች ጥቂት ናቸው። የቤት ሠራተኛዋ ጉልበት ለመጋዘን ባለቤቱ ይደጉም ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ብዙዎቹም ይህንን በልባቸው ስለሚያውቁ በሐዋላ መላኩን መረጡ፤ በዚህም መንግሥት ዶላሩን አጣ፣ እነርሱ ደግሞ የባንክ ደብተር የሚያስገኘውን የቁጠባ ታሪክ አጡ። ኋላ ብድር ቢጠይቁ የሚያሳዩት ወረቀት የላቸውም።

በዚህ ላይ መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መሄድን አግዶ እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ እገዳው ጸንቶ ቆይቷል። እገዳው ሰዎችን ከጥቃት ለመጠበቅ የወጣ ቢሆንም ጉዞውን ግን አላስቆመውም። በሕጋዊው ኤጀንሲ ፋንታ ሕገወጥ ደላላው ገባበት። ያለ ውል የሄደች ሴት ደመወዟ ሲቀርባት የምትከስበት፣ ገንዘቧንም በባንክ የምትልክበት መንገድ ጠባብ ነው።

ተመኑ ከተለቀቀ በኋላ የባንኩ ዋጋ በጥቂት ወራት ከ100 ብር አልፎ ከጥቁር ገበያው ጋር ያለው ልዩነት ጠበበ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም። በዚህ በኩል ለላኪዎቹ ሴቶች ጥቅሙ ግልጽ ነው። በሌላ በኩል ግን ዱሮም በጥቁር ገበያ ሂሳብ ሲሸጡ የነበሩት ዕቃዎች በአንድ ጊዜ እጥፍ ባይሆኑም፣ በመንግሥት ተመን ሲገቡ የነበሩት ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት መናራቸው አልቀረም። የነዳጅ ድጎማው ቀድሞውኑ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በደረጃ እየተነሳ ነበር። ነጭ ጋዝና ታክሲ ሲወደድ ማን ነው ማገዶ ፍለጋ የሚወጣው? ማን ነው ሁለት ፌርማታ በእግሩ የሚሄደው? የቤቱን ወጪ የምታብቃቃዋ ሴት በገንዘብ ያጣችውን በጊዜዋና በጉልበቷ ትከፍለዋለች። ይህ ክፍያ በስታትስቲክስ አገልግሎት የዋጋ ግሽበት ሠንጠረዥ ውስጥ አይታይም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የሽግግር መንግሥቱ በመስከረም 1985 ዓ.ም. ብርን ከ2.07 ወደ 5.00 ሲያወርደውም የመዋቅር ማስተካከያው ሲጀመር ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የተበተነው ሠራዊትና ከመንግሥት ድርጅቶች የተቀነሰው ሠራተኛ በአብዛኛው ወንድ ነበር። ቤቱን የያዘችው ግን ጉሊት የወጣችው፣ ጠላ የጠመቀችው፣ እንጀራ ለሆቤል ያቀረበችው ሚስት ነበረች። በዚያ ዘመን የጉሊት ንግድ የሰፋው ሴቶች በድንገት ለንግድ ፍቅር ስላደረባቸው አይደለም።

የ38ቱ ዕቃዎች ነገር

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃዎች ኤል ሲ እንዳይከፈትባቸው አገደ። ዝርዝሩ ውስጥ የቤት አውቶሞቢልና ውስኪም ነበሩ፤ ሽቶና የመዋቢያ ዕቃዎችም ነበሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ዶላር የለም፣ ቅንጦት ይቅር። በጋዜጣ ሲነበብ ማንም አልተቃወመም። ይሁን እንጂ ለጽሕፈት ቤቱ ቅንጦት የሆነው ቅባት ለፀጉር ቤቷ ባለቤት ጥሬ ዕቃ ነው። ቡቲክና የውበት ሳሎን አነስተኛ ካፒታል ያላት ሴት ያለ ማስያዣ ልትገባባቸው ከምትችላቸው ጥቂት የሥራ መስኮች መካከል ናቸው። እገዳው ሲመጣ መኪና አስመጪው መጋዘኑ ውስጥ ያለውን መኪና አስወድዶ ሸጠ፤ ሳሎኗ ያላት ግን መጋዘን የላትምና ከሻንጣ ነጋዴ በውድ እየገዛች ከደንበኛዋ ጋር ተጨቃጨቀች። እገዳው የተነሳው ተመኑ በተለቀቀበት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነው።

በተቃራኒው የሚጠቀስ መልካም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የገንዘብ ሚኒስቴር በሴቶች የንጽሕና መጠበቂያ ላይ የነበረውን የጉምሩክ ቀረጥ ከ30 በመቶ ወደ 10 በመቶ ዝቅ አድርጎ፣ ለአገር ውስጥ አምራቾች ደግሞ ጥሬ ዕቃው ያለ ቀረጥ እንዲገባ ፈቅዷል። ቀደም ሲል ዕቃው እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ሲቀረጥ ቆይቶ ነበር። ታሪፍ የሚያወጡት ሰዎች በክፋት ያደረጉት አይመስለንም፤ ዝም ብሎ ማንም አላሰበውም። ይህ ዓይነቱ አለማሰብ በታሪፍ መጽሐፉ ውስጥ ገና ሌላ ምን ያህል እንዳለ አስመጪዎች ገልጠው ቢያዩት ደግ ነው።

ብድር ሲጠብ መጀመሪያ የሚዘጋው በር

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ ብድር።

በ2003 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶውን የሚያህል ገንዘብ በብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲያስቀምጡ አዘዘ። መመሪያው እስከ 2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ሠርቶበታል። ገንዘቡ ለመንግሥት ታላላቅ ፕሮጀክቶች መደገፊያ ነበር። መንገድ፣ ግድብ፣ ባቡርና ስኳር ፋብሪካ አገር ያስፈልጋታል፤ ያንን የሚክድ የለም። ግን በነዚያ ሥራዎች የሚቀጠረው ማን ነው? የኮንትራቱስ ባለቤት? ማሽኑን የሚያከራየው? የግንባታው ገንዘብ አብላጫው በወንዶች እጅ ያልፋል፤ ለሴቷ የሚደርሳት ሲሚንቶ መሸከሙና ለሠራተኛው ምግብ ማብሰሉ ነው። በሌላ በኩል የግል ባንኩ ለአነስተኛ ተበዳሪ የሚያውለው ገንዘብ ተቀነሰበት። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ባንኮች ከአዲስ ብድራቸው 20 በመቶ ለሚያህለው የመንግሥት ቦንድ እንዲገዙ ተደረገ።

ቀጥሎ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበትን ለመቀነስ ሲባል የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ጣሪያ ተደረገበት፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ወደ 18 በመቶ ከፍ ብሏል። የጣሪያው አሠራር ለባንክ ሰው አዲስ አይደለም። አንድ ቅርንጫፍ ሊያበድር የተፈቀደለት 50 ሚሊዮን ብር ቢሆን ሁለት ምርጫ አለው፤ ለአንድ ትልቅ ደንበኛ መስጠት፣ ወይም 500 ሺ ብር ለሚፈልጉ መቶ ሰዎች ማከፋፈል። የመቶ ሰው ፋይል መቶ ጊዜ ይገመገማል፣ መቶ ጊዜ ይጎበኛል፣ መቶ ጊዜ ይከታተሉታል። ሥራ አስኪያጁ ነጋዴ ነውና አንዱን ይመርጣል። ሴቶቹ ያሉት ከመቶዎቹ ውስጥ ነው። ጣሪያው ግሽበቱን ማርገቡ ቢደነቅም ወጪው የወደቀው በማን ላይ እንደሆነ መቆጠር ይኖርበታል።

ስለ ወለድም አንድ ነገር እንበል፤ ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ለቁጠባ የተደነገገው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ሲሆን በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 10,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 10,700 ብር ያገኛል፤ አምና በ10,000 ብር የሚገዛው አስቤዛ ግን ከ13,000 ብር በላይ ሆኗል። ይህ ልዩነት ለተበዳሪው ስጦታ ነው። በርካሽ ተበድሮ ሕንፃ የሠራ ወይም ዕቃ ያከማቸ ሰው ብድሩን የሚመልሰው በቀለለ ብር ነው። ሴቶች በቁጠባው በኩል እንጂ በብድሩ በኩል ብዙም አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም ባንክ ባሰባሰበው መረጃ የባንክ ወይም መሰል ሂሳብ ያላቸው ወንዶች ከመቶ 41 ሲሆኑ ሴቶቹ 29 ነበሩ፤ ከነዚያም ውስጥ ብድር ያገኘችው ከቁጥር የምትገባ አይደለችም። ላለው ይጨመርለታል የሚለው ቃል በወለድ ተመንም ይሠራል።

ማስያዣው በማን ስም ነው?

በአገራችን ባንክ ብድር ማለት ማስያዣ ማለት ነው፤ ማስያዣም ማለት ቤት ወይም ተሽከርካሪ ማለት ነው። የንግዱ ሐሳብ ጥሩ መሆኑ፣ ደንበኛ መኖሩ፣ ዕቁብ ሳይቆራረጥ መጣሉ ሁሉ ከካርታ በኋላ የሚመጣ ነው። ካርታው ደግሞ ከጥንትም በአባወራው ስም ሲሠራ ኖሯል። ስለዚህ ሴትን ከብድር የሚያስቀረው የባንኩ መመሪያ ሳይሆን የንብረት ምዝገባው ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በዚህ ረገድ ከብዙ የኢኮኖሚ አዋጆች የበለጠ የገበያ ለውጥ አምጥቷል ብንል አናጋንንም። ባል ሚስቱ ከቤት ውጭ እንዳትሠራ ሊከለክል የሚችልበትን የዱሮውን ድንጋጌ አስቀርቷል። በጋብቻ ውስጥ የተፈራውን የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት የሁለቱም ስምምነት እንዲያስፈልግ አድርጓል። ደላሎቻችን ይህንን ከጠበቆች ባልተናነሰ ያውቁታል። ቀብድ ከተከፈለ በኋላ ሚስት አልፈርምም ብላ የፈረሰ ሽያጭ ያልገጠመው የቤት ደላላ ካለ ሥራ የጀመረው ትናንት ነው። ሻጩ ላጤ ከሆነም ያላገባ ማስረጃ ከቀበሌ ካላመጣ ውል አይዋዋልም። አንዳንዱ በዚህ ያማርራል፤ ነገር ግን ያች ፊርማ ናት በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ ሚስትን ያስቀመጠቻት።

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ የመጣው ካልተጠበቀ አቅጣጫ ነው፤ ከኮንዶሚኒየም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የቤት ምዝገባና በ2005 ዓ.ም. በ10/90፣ በ20/80 እና በ40/60 የቀጠለው የቁጠባ ፕሮግራም ሲነደፍ ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች ብቻ ተመድቦ፣ በቀረውም ከወንዶች ጋር እንዲወዳደሩ ተደርጓል። በወቅቱ ጉዳዩ የቤት ችግር ማቃለያ ተደርጎ ነው የታየው። በንግዱ ዓይን ሲታይ ግን መንግሥት ሳያውቀው ብዙ ሺ ሴቶችን በስማቸው ካርታ ያላቸው፣ ማለትም ማስያዣ ያላቸው የባንክ ደንበኞች አደረጋቸው። ዕጣ የወጣላት እንጀራ ጋጋሪ ቤቱን አከራይታ በኪራዩ ወርሐዊ ክፍያውን ስትከፍል፣ ልጆቿን ስታስተምር፣ ዕዳውን ስትጨርስ ደግሞ በዚያው ካርታ ሱቅ ስትከፍት አዲስ አበባ አይታለች። የቤቱ ዋጋ መናሩ ለተከራይ መርዶ ቢሆንም ለባለ ዕጣዋ ካፒታል ነው። በርግጥ መመዝገብ እንኳ የማይችሉ፣ ቅድመ ክፍያው ያቃታቸው፣ ዕጣው ደርሷቸው መብታቸውን በስውር የሸጡም ብዙ ናቸው። ያም ሆነ ይህ ስለ ሴቶች የወጡ ብዙ የስብሰባ ሰነዶች ያላደረጉትን ይህ የ30 በመቶ ሕግ አድርጎታል።

ማስያዣን ማሻሻል የሚቻልበት ሌላም መንገድ አለ። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ማለትም የሱቅ ዕቃ፣ ማሽን፣ ከብት፣ ያልተሰበሰበ ሂሳብ ሁሉ በብሔራዊ ባንክ መዝገብ ተመዝግቦ ለብድር መያዣ መሆን ይችላል። ሴት ነጋዴ ያላት እንዲህ ያለው ነው፤ የልብስ ስፌት መኪና፣ ጨርቅ፣ ዱቤ የወሰዱ ደንበኞች። አዋጁ ጥሩ ቢሆንም ባንኮቹ ዛሬም ሲሚንቶና ብረት ያለበትን ማስያዣ ይመርጣሉ። የሱቅ ዕቃ ዛሬ አለ ነገ የለም ይላሉ። ሙሉ በሙሉ ስሕተት አይሉም፤ ነገር ግን በዕቁብ ለአሥር ዓመት አንድ ዙር ያላጎደለች ሴት ከአንዳንድ ባለ ሕንፃ ተበዳሪዎች ይልቅ ከፋይ መሆኗን የብድር ኮሚቴዎች ራሳቸው በግል ሲጠየቁ አይክዱም።

በዚህ ሐሳብ ላይ ተመሥርተው የተጀመሩ ሥራዎች አሉ። በሴቶች መሥራችነት የተቋቋመው እናት ባንክ በ2005 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የቦርዱ ሊቀመንበር የነበሩት ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ፤ ኋላ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት ሆነዋል። ባንኩ ማስያዣ ለሌላቸው ሴቶች የዋስትና ገንዘብ አሰባስቦ ማበደር የሚቻል መሆኑን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የዓለም ባንክ 50 ሚሊዮን ዶላር መድቦ በልማት ባንክ በኩል ለአነስተኛ ብድር ተቋማት እንዲደርስና ለሴት ነጋዴዎች እንዲበደር አድርጓል። የብድር ተቋማቱ በቡድን ዋስትና ከሚሰጧት ጥቃቅን ብድር ያለፈች፣ ለባንክ ግን ያልደረሰች ነጋዴ ነበር የታሰበችው። "መካከል ላይ የቀረችው" ማለት ይህች ናት፤ ገበያው ውስጥም ብዙ ናት። ከዚያ ወዲህ በስልክ የሚሰጡ እንደ ቴሌብር መላና ሚቹ ያሉ ብድሮች ካርታ ሳይጠይቁ የሒሳብ እንቅስቃሴን አይተው ያበድራሉ። መጠናቸው አነስተኛ፣ ጊዜያቸው አጭር ነው። ለሽንኩርት ማዞሪያ ይበቃሉ፤ ወፍጮ ለመትከል አይበቁም።

ሐዋሳና የዋሽንግተን ውሳኔ

የኢንዱስትሪ ፖሊሲውን ያለ ሐዋሳ መናገር አይቻልም። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶችን ቀጠረ። በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት የመነሻ ደመወዛቸውን በወር 26 ዶላር አካባቢ አድርጎ በዓለም ዝቅተኛው ብሎታል። ለባለሀብት መሳቢያ የተደረገው ርካሽ ጉልበት ነበር፤ ርካሹ ጉልበት ደግሞ የሴት ነበር። በዚህ ደመወዝ ቤት ተከራይቶ መኖር ስለማይቻል ሠራተኞቹ በብዛት ይለቁ ነበር፤ አሠሪዎችም በየወሩ አዲስ ማሠልጠን ሰለቻቸው። ርካሽነቱ በመጨረሻ ለፋብሪካውም ርካሽ አልሆነም።

ይህም ሆኖ ሥራው ነበር። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ዕድል ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ስታግድ፣ ከዚያም አስቀድሞ ትልቁ ገዢና አምራች ፒ.ቪ.ኤች. ሐዋሳ ያለውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ፣ ሥራዋን ያጣችው በጦርነቱም በድርድሩም ድምፅ ያልነበራት የስፌት ሠራተኛ ናት። ምርቱ በአንድ ገበያ ላይ ብቻ ከተመሠረተ ዘርፍ የሚገኝ የሴቶች ሥራ እንዴት በአንድ ደብዳቤ እንደሚፈርስ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ በበኩሉ ሁለት ገጽ አለው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወሊድ ፈቃድን ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን አድርጎ ከቀድሞው አሻሽሎታል። ተገቢ ነው። ነገር ግን የነዚያን 120 ቀናት ደመወዝ ሙሉ በሙሉ የሚከፍለው አሠሪው ብቻ ነው። አሥር ሠራተኛ ያለው ድርጅት ሁለቱ ቢወልዱበት ሂሳቡን ማስላት አያቅተውም፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ቅጥር ላይ ምክንያቱን ሳይናገር ወንድ ይመርጣል። ወጪው እንደ ጡረታው መዋጮ በሁሉም አሠሪዎች፣ ወንድ ብቻ በሚቀጥሩትም ጭምር፣ ተከፋፍሎ ከአንድ ቋት ቢከፈል ሴት መቅጠር የሚያስቀጣ ነገር አይሆንም ነበር። የንግድ ምክር ቤቶች ይህንን ቢያነሱት ለራሳቸው አባላትም ይጠቅማል። ያው አዋጅ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም መፍቀዱም ይታወሳል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,500 ወደ 4,760 ብር ከፍ ሲል በዝቅተኛ እርከን የሚበዙት ሴቶች ተጠቅመዋል፤ የግል ፋብሪካዋ ሠራተኛ ግን በዚያ ጭማሪ ውስጥ አልነበረችም።

በበጀቱ በኩል አዋጅ ቁጥር 970/2008 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በጀት ሲይዙ የሥርዓተ ፆታን ጉዳይ ከግምት እንዲያስገቡ ያዝዛል። በወረቀት ላይ ያለ መልካም ድንጋጌ ነው፤ ብዙ የምንለው የለንም።

ከዚህ በኋላ የሚጠበቀው

በቅርቡ የተከፈቱ ሁለት በሮች ይህንኑ ሂሳብ ይለውጡታል። አዋጅ ቁጥር 1360/2017 የውጭ ባንኮች እንዲገቡ ፈቅዷል። የውጭ ባንክ በመጀመሪያ የሚፈልገው ላኪዎችንና ትላልቅ ድርጅቶችን መሆኑ የታወቀ ነው፤ እነርሱ ወደዚያ ከሄዱ ግን የአገር ውስጡ ባንክ እስከ ዛሬ ንቆት የኖረውን ደንበኛ መፈለግ ይገደዳል። ያ ደንበኛ በብዛት ሴት ነው። መዘጋጀት የሚሻ ባንክ ከአሁኑ የተንቀሳቃሽ ንብረት ግምገማ የሚያውቁ ሰዎችን ቢያሠለጥን ይበጀዋል።

ሁለተኛው የገጠሩ ነው። አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ባለይዞታዎች የመሬት የመጠቀም መብታቸውን ለብድር ማስያዣ እንዲያደርጉ ፈቅዷል። የእህልና የከብት ነጋዴዎች፣ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር አቅራቢዎች ይህንን በትኩረት ሊከታተሉት ይገባል፤ በገጠር የሚንቀሳቀሰው ገንዘብ በዚህ ሊጨምር ይችላል። በአማራና በሌሎችም ክልሎች ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም በጋራ ሰፍሯል፤ በብዙ ቦታም የሁለቱም ፎቶግራፍ ተለጥፎበታል። ስለዚህ አበዳሪው ተቋም የአባወራውን ፊርማ ብቻ ተቀብሎ ገንዘብ ቢሰጥ ብድሩ ሲበላሽ ፍርድ ቤት የሚጠብቀው ክርክር ከወዲሁ ይታወቃል። ሚስት ቀርባ ውሉ በሚገባት ቋንቋ ተነቦላት መፈረሟን ማረጋገጥ ለአበዳሪው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ዱቤ ሰጥቶ የመሬት ደብተር የሚይዝ ነጋዴም ቢሆን መጀመሪያ ሁለተኛውን ገጽ ገልጦ ፎቶግራፎቹን ይቁጠር።